«አገር አማን» ከ«ብሔራዊ ደኅንነት» በፊት

ሚኒያፖሊስ ውስጥ «ዌስት ባንክ ነው የምማረው» የሚል ተማሪ ከዮርዳኖስ ወንዝ ማዶ ስላለው ምድር እያወራ አይደለም። ወንዙ ሚሲሲፒ ነው። ሚሲሲፒ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ለሁለት ሰንጥቆ ሲያልፍ በስተ ምዕራብ የቀረው ዳርቻ «ዌስት ባንክ» ተባለ፤ ስሙም ከግቢው አልፎ ለሰፈሩ ተረፈ። በ2014 የተከፈተው የግሪን ላይን ባቡር ጣቢያ በዚሁ ስም ይጠራል። የብሉ ላይኑ ጣቢያ ደግሞ ሰፈሩ በመዝገብ የሚታወቅበትን ስም ይዟል፦ ሴዳር ሪቨርሳይድ። (ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰፈሩ በአንድ ወቅት የስካንዲኔቪያ ስደተኞች ነበር። ዛሬ ሶማልኛ ይበዛበታል፤ ኦሮምኛና አማርኛም በየደረጃውና በየሱቁ ይሰማሉ። አርክቴክቱ ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸው፣ በ1973 የተጠናቀቁት የሪቨርሳይድ ፕላዛ ፎቆች ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ልጣፋቸውን ይዘው ከሩቅ ይታያሉ። ከነዚህ ፎቆች ወጥቶ ኮሌጅ የሚገባ፣ ዓለም አቀፍ ግንኙነትና ብሔራዊ ደኅንነት ለማጥናት የሚመርጥ ወጣት ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል። ማታ ቤት ሲገባ ግን «ምን ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ በአማርኛ ይጠብቀዋል። መልሱን ለመስጠት የሚያነሣቸው ቃላት ደግሞ ገና ከመማሪያ ክፍሉ በፊት ረጅም ዕድሜ ኖረዋል፤ ከግእዝ፣ ከግሪክ፣ ከሮማ፣ ከቤተ መንግሥትና ከቤተ ክህነት የመጡ ናቸው። እያንዳንዱ የቀድሞ ባለቤቱን ሐሳብ እንደያዘ ነው የሚዞረው።

ከተማና አገር

ከከተማው ስም እንጀምር። በ1852 ቻርልስ ሆግ የተባለ መምህር ከዳኮታ ሕዝብ ቋንቋ «ምኒ»ን፣ ማለትም ውኃን፣ ከግሪክ ደግሞ «ፖሊስ»ን፣ ማለትም ከተማን ወስዶ አዋሐዳቸው። ሚኒያፖሊስ የውኃ ከተማ ናት። የስሟ ሁለተኛ ግማሽ የመላው ትምህርት ሥር ነው፤ ፖለቲካም፣ ፖሊሲም፣ ፖሊስም ከዚሁ ቃል ወጥተዋል። ለእኛ ፖሊስ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ነው። ለአቴናዊው ግን ፖሊስ ከተማው ራሱ፣ ከነሕጉና ከነሸንጎው ነበር።

የሚገርመው አማርኛም በዚሁ መንገድ መሄዱ ነው። በግእዝ «ሀገር» ማለት በመጀመሪያ ከተማ ነው፤ «ሀገረ ዳዊት» ሲባል የዳዊት ከተማ ማለት ነው። በጥንቱ የሳባ ጽሑፍም ያው ሥር ከተማን ያመለክታል። በአማርኛ ቃሉ እየሰፋ ሄዶ አገሩን በሙሉ ተሸከመ፤ የድሮውን ጥበቱን ግን ጨርሶ አልጣለም። ሚኒያፖሊስ ላይ ሁለት ኢትዮጵያውያን ተገናኝተው አንደኛው «አገርህ የት ነው?» ቢል፣ ሌላው «ኢትዮጵያ» ብሎ አይመልስም፤ «ደብረ ታቦር» ወይም «ደሴ» ነው የሚለው። ግሪኩ ከከተማ ተነሥቶ ፖለቲካ ጋ ደረሰ፤ እኛም ከከተማ ተነሥተን አገር ጋ ደረስን።

በቅርብ ዓመታት የአማርኛ ጋዜጦችና ምሁራን «አገረ መንግሥት» የሚል ጥምር ቃል ያዘወትራሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በእንግሊዝኛ «ስቴት» እና «ገቨርንመንት» የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛው በምርጫ ይወድቃል፣ የመጀመሪያው ይቀራል። አማርኛ ግን ለሁለቱም «መንግሥት» የሚል አንድ ቃል ነበረው፤ እሱም ከ«ነግሠ» የወጣ የ«ንጉሥ» ወንድም ነው። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ ወደቀ፤ ቃሉ ግን አልወደቀም፤ ሪፐብሊኩም «መንግሥት» እየተባለ ይጠራል። በዚህ የተነሣ ሥልጣን ላይ ያለውን ቡድን መንቀፍና አገሩን መንቀፍ በአማርኛ ጆሮ በቀላሉ ይምታታሉ። «አገረ መንግሥት» የመጣው ይህን ለመለየት ነው፤ ቢፈታ ግን ከተማና ንግሥና ጎን ለጎን የቆሙበት ቃል ነው።

ከአውግስጦስ እስከ ኦግስበርግ

በሴዳር ሪቨርሳይድ ከትልቁ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ ኦግስበርግ የሚባል ትንሽ የትምህርት ተቋም አለ። የኖርዌይ ሉተራን ስደተኞች በ1869 በዊስኮንሲን፣ ማርሻል በምትባል መንደር መሠረቱት፤ በ1872 ወደ ሚኒያፖሊስ ተዛወረ። «ኮሌጅ» መባሉ ቀርቶ «ዩኒቨርሲቲ» የተባለው በ2017 ነው። ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በዲግሪ ያስተምራል፤ የኖቤል የሰላም ሽልማት ፎረም የሚባለውን ጉባኤም ለዓመታት አስተናግዷል።

ስሙ ከጀርመን ከተማ የተወሰደ ነው። ከተማይቱ በሮማው ቄሣር በአውግስጦስ ዘመን ተቆርቁራ በስሙ ተጠራች፤ ፈረንጆች ነሐሴን «ኦገስት» የሚሉትም በእሱው ነው። ሉተራኖች ስሙን የመረጡት በ1530 እዚያ ለቀረበው የእምነት መግለጫቸው ብለው ነው። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ግን ኦግስበርግን በሌላ ዓመት ያውቃታል፤ በ1555። በዚያ ዓመት እዚያ በተፈረመው ስምምነት የጀርመን መሳፍንት ካቶሊክ ወይም ሉተራን ከመሆን አንዱን መርጠው ግዛታቸው እንዲከተላቸው ተፈቀደ። የገዢው ሃይማኖት የግዛቱ ሃይማኖት ይሁን፣ ጎረቤትም አይግባበት ማለት ነው። የመማሪያ መጻሕፍት የዘመናዊውን ሉዓላዊነት ታሪክ ከ1648ቱ የዌስትፋሊያ ሰላም ሲጀምሩ ወደ ኋላ ዞረው የሚጠቅሱት ይህንን ነው። ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የራሳቸውን የካቶሊክ እምነት የአገር እምነት ለማድረግ ተነሡ፤ ከብዙ ደም በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። አገር የገዢውን ሃይማኖት አልቀበልም ሲል ምን እንደሚሆን አይቷል።

«ሉዓላዊነት» የሚለው ቃል ራሱ ሊታይ ይገባዋል። በግእዝ «ለዐለ» ከፍ አለ ማለት ነው። ከዚያ «ልዑል» ወጣ፤ የመሳፍንት ማዕረግ። «ላዕላይ»ም ከዚያው ነው። በየቀኑ «ጠረጴዛው ላይ» የምንለው «ላይ» እንኳ ዐይኑን ጥሎ ያጠረ «ላዕለ» ነው። እንግሊዝኛው «ሶቨሬይንቲ» በበኩሉ ከላቲኑ «ሱፐር» የመጣ ነው፤ እሱም «በላይ» ማለት ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ሥዕል ሣሉ፦ ከበላዩ ማንም የሌለበት። ይህን ያወቀ ተማሪ የሉዓላዊነትን ትርጉም ለማስታወስ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም፤ «ላይ» ካለ «ታች» እንዳለም ወዲያው ይገባዋል። ትምህርቱ ከፍ ብሎ የሚታየውን መንግሥት ብቻ እያየ የታቹን ሰው እንዳይረሳ የሚያስጠነቅቅ ቃል ነው።

ዓለምን ማቀፍ

«ኢንተርናሽናል» የሚለውን ቃል የፈጠረው እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ጄረሚ ቤንተም ነው፤ በ1789 በወጣ መጽሐፉ ውስጥ በመንግሥታት መካከል ያለውን ሕግ ከአገር ውስጥ ሕግ ለመለየት ተጠቀመበት። ቃሉ የቆመው «ናሽን» ላይ ነው፤ «ናሽን» ደግሞ «ተወለደ» ከሚለው የላቲን ግስ የወጣ ነው። ስለዚህ ከሥሩ ሲታይ የትውልዶች፣ የዘሮች መገናኛ ነው።

አማርኛ ይህን ቃል በቃል አልተከተለውም። «ዓለም አቀፍ» አለ። «አቀፈ»፣ በግእዙ «ሐቀፈ»፣ እናት ልጇን የምትይዝበት ግስ ነው። «ዓለም» ደግሞ በግእዝ ቦታም ጊዜም ነው፤ «ለዓለመ ዓለም» ስንል ለዘለዓለም ማለታችን ነው። ዕብራይስጡ «ዖላም»ም ወደ ዘለዓለምነት ያዘነብላል። አማርኛ ሦስተኛ ትርጉም ጨመረበት፤ ደስታን። ልጇን የዳረች እናት «ዓለሟን አየች» ትባላለች። ከዚህ ሁሉ የተነሣ «ዓለም አቀፍ» ከ«ኢንተርናሽናል» ይልቅ ሰፊና ለስላሳ ሆኖ ተገኘ፤ ድንበርና ተቀናቃኝ መንግሥት አይታዩበትም። የቤንተምን ሐሳብ በትክክል የያዘው ሌላ ቃል ነው፦ «በይነ መንግሥታት»። «በይነ» በግእዝ «በመካከል» ነው፤ ቃሉንም ኢጋድን በአማርኛ ስንጠራ እንሰማዋለን። አንድ ተማሪ ኢጋድንና የአየር ንብረት ለውጥን በአንድ ድርሰት ሲያነሣ ሁለቱንም «ዓለም አቀፍ» ቢል ብዙ ነገር ይደበዝዝበታል፤ የመጀመሪያው በመንግሥታት መካከል ያለ ነው፣ ሁለተኛው በእርግጥም ዓለምን ያቀፈ ነው።

ትምህርቱ ራሱ የተወለደው በትልቅ ከተማ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ፖለቲካ ፕሮፌሰርነት ወንበር የተመሠረተው በ1919 በዌልስ ባሕር ዳርቻ ባለችው በአበሪስትዊዝ ኮሌጅ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት እልቂት በኋላ «ይህ እንዳይደገም ምን እናጥና?» የሚል ጥያቄ ነበር ያስነሣው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ትምህርት ክፍል ይህንኑ ያስተምራል። «ግንኙነት» ደግሞ ከ«አገኘ» ነው፤ «ተገናኘ» ሲሆን አንዱ ሌላውን አገኘው፣ ሌላውም እሱን። ሁለት ወገን ካላገኘ ግንኙነት የለም። ይህ የግሱ ጠባይ ነው፤ ብዙ የውጭ ፖሊሲ ግን ይህን ይዘነጋል።

ብሔር፦ ከመሬት ወደ ትውልድ

ከሁሉም የከበደው ቃል «ብሔር» ነው። በግእዝ ብሔር መሬት ነው፤ ምድር፣ አገር፣ ስፍራ። «እግዚአብሔር» የ«እግዚእ» እና የ«ብሔር» ጥምር ነው፤ የምድር ጌታ። «ብሔረ ሕያዋን» ሄኖክና ኤልያስ ያሉበት የሕያዋን አገር ነው። አዲስ አበባ ያለው «ብሔረ ጽጌ»ም የአበባ ምድር ነው። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘር የለም፤ ትውልድ የለም፤ መሬትና ቦታ ብቻ አሉ። «ብሔራዊ ባንክ»፣ «ብሔራዊ ቴአትር»፣ «ብሔራዊ መዝሙር» የተባሉትም በዚህ ስሜት ነው፤ የአገሩ ማለት ነው።

ከዚያ የተማሪዎች ንቅናቄ መጣ። ዋለልኝ መኮንን በኅዳር 1962 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ የጻፈው ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የሚያወራ ጽሑፍ ተማሪዎቹ ቀደም ሲል ከማርክሲስት መጻሕፍት ያመጧቸውን «ናሽን» እና «ናሽናሊቲ» አጣዳፊ አደረጋቸው። ለእነዚህ አማርኛ ሲፈለግ «ብሔር» እና «ብሔረሰብ» ተሰጡ። ደርግ በ1975 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩትን አቋቋመ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ «ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ» የሚለውን ሐረግ የሥልጣን ምንጭ አደረገው። የመሬት ስም የነበረው ቃል የላቲኑን «ተወለደ» ተሸከመ። ቅጽሉ ግን በቀድሞው ቦታ ቀረ። ስለዚህ ዛሬ «የብሔር» እና «ብሔራዊ» ከአንድ እናት ተወልደው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትቱ ሆኑ፤ አንዱ ወደ ክፍሉ፣ ሌላው ወደ ጠቅላላው።

«ብሔራዊ ደኅንነት» የሚል የትምህርት ርዕስ በዚህ መሐል ላይ ነው የሚቆመው። አሜሪካዊው ተማሪ «ናሽናል ሴኩሪቲ» ሲል ሐሳቡ ወደ 1947ቱ ሕግ ይሄዳል፤ የብሔራዊ ደኅንነት ምክር ቤትንና ሲ.አይ.ኤን ያቋቋመው ሕግ ነው። የኢትዮጵያ ልጅ ግን ቃሉን ሲሰማ ገና «ብሔራዊ» ላይ ይቆማል። የማን? የመሬቱ ወይስ የትውልዱ? ይህ ማመንታት የቋንቋ ድክመት አይደለም። የብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሩ ክርክር በአንድ ቃል ውስጥ መግባቱ ነው፤ ጥሩ አስተማሪ ካገኘ ተማሪው ከዚሁ ጥሩ ድርሰት ያወጣል።

የተላከና የተሰደደ

«ኮሌጅ» ከላቲኑ «ኮሌጋ» ነው፤ ባልደረባ። ቃሉ «አብሮ» እና «መላክ፣ በውክልና መሾም» ከሚሉ ሁለት ሥሮች ተሰናስሏል። ስለዚህ ኮሌጅ በጥንቱ አብረው የተላኩ ሰዎች ማኅበር ነው። ዲፕሎማና ዲፕሎማት ደግሞ አንድ ናቸው፤ «ዲፕሎማ» በግሪክ ለሁለት የታጠፈ ጽሑፍ ነው። ለአንዱ የታጠፈው ወረቀት የመመረቂያ ማስረጃ ሆነ፣ ለሌላው የንጉሥ ደብዳቤ ሆኖ ድንበር አሻገረው።

የእኛው ቃል «ለአከ» ነው። «መልአክ» የተላከ ነው፤ «መልእክት»፣ «መልእክተኛ»፣ «ልኡክ» ሁሉም ከዚሁ ናቸው። እዚህ ላይ ጋዜጦቻችን የሚያዘወትሩትን አንድ ስሕተት ማንሣት ያስፈልጋል፦ «የልዑካን ቡድን»። በዐይኑ ሲጻፍ ከ«ልዑል» ጋር ይዛመዳል፤ የተላከው ሰው ከፍ ያለ ሰው ይሆናል። ትክክለኛው በአልፋው ነው፤ «ልኡካን»፣ የተላኩ። ልዩነቱ የፊደል ብቻ ቢመስልም ትንሽ አይደለም። ልዑል የሚናገረው በራሱ ሥልጣን ነው፤ ልኡክ በላከው ቃል ብቻ ይናገራል። አምባሳደር ከልኡክነት ወደ ልዑልነት ሲሸጋገር ምን እንደሚፈጠር የዲፕሎማሲ ታሪክ ብዙ ምሳሌ አለው። ከአምባሳደሩ ዝቅ ያለውን «ጉዳይ ፈጻሚ» ማለታችን ደግሞ ቃሉን በሥራው ልክ መስፋታችን ነው።

ሴዳር ሪቨርሳይድ ውስጥ ግን በብዛት የሚኖረው በ«ለአከ» የመጣ ሰው አይደለም፤ በ«ሰደደ» የመጣ ነው። «ሰደደ» በግእዝ አባረረ ነው፤ በአማርኛ «ሰደደ» መላክም ይሆናል። ልኡክም ስደተኛም ከአገራቸው ወጥተው በሰው አገር የቆሙ ናቸው። አንደኛውን መንግሥት ደብዳቤ ሰጥቶ ላከው፤ ሁለተኛውን ማስፈራራት ገፋው። የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ በ1980 ሲወጣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የገቡት በሁለተኛው በር ነው። ልጆቻቸው ዛሬ ኮሌጅ ገብተው ዲፕሎማሲ ሲማሩ በ«ሰደደ» የመጣ ቤተሰብ በ«ለአከ» ሊሄድ ይዘጋጃል ማለት ነው።

ውልና ኪዳን

«ውል» ሸማኔ የሚያውቀው ቃል ነው፤ የፈትል ጫፍ። «ውሉ የጠፋበት ልቃቂት» የምንለው ከየት እንደሚጀመር የማይታወቅ ነገር ሲገጥመን ነው። ሁለት ወገን ሲዋዋል ፈትላቸውን አንድ ላይ አሰሩ ማለት ነው። «ኪዳን» ሌላ መንገድ አለው። «ኬደ» በግእዝ ረገጠ፣ ተራመደ ነው፤ የአማርኛው «ሄደ»ም የእሱው ዝርያ ነው። «ተካየደ» ሲሆን ተማማለ፣ ቃል ተገባባ ይሆናል። ውል ይታሰራል፤ ኪዳን ይኬድበታል።

ልዩነቱ በታሪካችን ይታያል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ውሉ የጠፋበት ሆኖ አድዋ ላይ ተቆረጠ። የመንግሥታት ማኅበር መተዳደሪያ ግን በእንግሊዝኛ ስሙ «ኮቨናንት» ነበር፤ ቃል ኪዳን። ኢትዮጵያ በሴፕቴምበር 1923 አባል ስትሆን የገባችው ኪዳን ውስጥ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጁን 30 ቀን 1936 ጄኔቭ ላይ በአማርኛ ቆመው የተናገሩትም ስለዚሁ ነው፤ የተጠቃው አንዱ ከሆነ ሁሉም ይነሣል የሚለው የጋራ ደኅንነት ተስፋ ቃል ብቻ ሆኖ እንደቀረ። ኪዳኑ ነበረ፣ የተራመደበት አልነበረም።

ጸጥታና ደኅንነት

እንግሊዝኛው «ሴኩሪቲ» ከላቲን «ሴ» እና «ኩራ» ነው፤ ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት። የራሱ ሐሳብ ውስጣዊ ነው፤ የማይሰጋ ሰው ነው የሚታየው። አማርኛ ለዚህ ሁለት ቃል አለው፣ ሁለቱም ሌላ ነገር ይላሉ።

የመጀመሪያው «ጸጥታ» ነው። «ደስ» «ደስታ» እንደሚሆን፣ «ዝም» «ዝምታ» እንደሚሆን፣ «ጸጥ»ም «ጸጥታ» ሆነ። ድምፅ አለመኖር ነው። በኒው ዮርክ ያለውን ምክር ቤት «የጸጥታው ምክር ቤት» እንለዋለን፤ ኢትዮጵያም በ1967 እና 1968፣ በ1989 እና 1990፣ በ2017 እና 2018 ተቀምጣበታለች። «ጸጥታ አስከባሪ» ሲባልም የምናስበው ሰው የሚያረጋጋ ወይም የሚያስፈራ ነው፤ ቃሉ ሁለቱን አይለይም። ጥይት ያልተሰማበት ሰላማዊ ሌሊትም፣ ሰው ሁሉ በፍርሃት አፉን የዘጋበት ቀንም እኩል ጸጥ ይላሉ። የጸጥታ ሪፖርት ሁለቱን በአንድ ቃል ይጽፋቸዋል።

ሁለተኛው «ደኅንነት» ነው። ሥሩ «ድኅነ» ነው፤ በአማርኛ «ዳነ»። «መድኃኒት» ከዚሁ ነው፤ «መድኃኔዓለም»ም የዓለም አዳኝ ነው። ሚኒያፖሊስ ውስጥ ያለችው ደብረ ሰላም መድኃኔዓለም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በስሟ ብቻ የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ትይዛለች፦ ሰላም፣ ድኅነት፣ ዓለም። «ደኅና ነህ?» የሚለው ሰላምታም ከዚያው ነው። ስለዚህ ደኅንነት ከሥሩ ጤና ነው፤ መዳን። ፊደሉ ሲሳት ደግሞ «ድኅነት» «ድህነት» ሆኖ ቁጭ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ1994 የሰው ልጅ ደኅንነት የሚል ሐሳብ ይዞ ሲመጣ፣ ምግብን፣ ጤናን፣ አካባቢንና ገቢን ጨምሮ ሰባት ዓይነት ደኅንነት ሲቆጥር፣ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ነገር አልነበረም። በቃሉ ውስጥ ቀድሞም ሐኪምና መድኃኒት ነበሩበት።

ታዲያ ዛሬ ልጅ ለእናቱ በስልክ «ብሔራዊ ደኅንነት ነው የምማረው» ቢላት፣ «ውይ ልጄ! ደኅንነት ልትሆን ነው?» ማለቷ ለምን አይቀርም? ምክንያቱም በአፍ ንግግር «ደኅንነት» የሰው ስም ሆኗል። በደርግ ዘመን የሕዝብ ደኅንነት የሚባል ሚኒስቴር ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ የብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት አለ። «እሱ እኮ ደኅንነት ነው» ሲባል የሚሰልል ሰው ነው የሚባለው። ከዚያ በፊት የነበረው ስም «ጆሮ ጠቢ» ነበር፤ ቢያንስ ሥራውን በግልጽ ይናገራል። «መረጃ» ራሱ ንጹሕ ቃል ነው፤ «ወደደ» «ወዳጅ»፣ «ፈረደ» «ፈራጅ» እንደሚሆን «ተረዳ» «መረጃ» ሰጠ፤ የሚረዱበት። ከ«ደኅንነት» ጋር ሲጣመር ግን እናቲቱን ያስደነግጣል። የሰላምታ ቃል የሚያስፈራ ቃል ሆነ።

ይህ በአገራችን ብቻ አይደለም። በሜይ 2020 ሚኒያፖሊስ ላይ ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ተገደለ። በኖቬምበር 2021 ነዋሪዎቹ የፖሊስ መምሪያውን አስቀርቶ «የሕዝብ ደኅንነት» መምሪያ ለማቋቋም በቀረበ ሐሳብ ላይ ድምፅ ሰጡ፤ ብዙኃኑ አልተቀበለውም። ክርክሩ በአማርኛ ቢነገር ግልጽ ነበር፦ አንደኛው ወገን ጸጥታ ይጠብቅልኝ ይላል፤ ሌላው ደኅና ልሁን ይላል። ለሴዳር ሪቨርሳይድ ወጣቶች ነገሩ ከመጽሐፍ የወጣ አልነበረም። በ2014 የአሜሪካ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጽንፈኝነትን ለመከላከል የሙከራ ፕሮግራም ሲጀምር ከመረጣቸው ሦስት ከተሞች አንዷ ሚኒያፖሊስ ነበረች፤ ሌሎቹ ቦስተንና ሎስ አንጀለስ ናቸው። ሰፈሩ «ለደኅንነትህ ነው» ሲባል ከፊሉ እርዳታ ሰማ፣ ከፊሉ ክትትል ሰማ። «ናሽናል ሴኩሪቲ» የሚማር የሰፈሩ ልጅ የሚማረው ስለ ሌላ ሰው ብቻ አይደለም።

አገር አማን

የሰፈሩ ጎረቤቶች እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ ማዳመጥ እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኦሮሞው ስለ «ነጋ» ይጠይቃል፤ ሰላም ማለት ነው፤ ደኅንነት በኦሮምኛ «ነጌኛ» የሚባለው ከዚያው ነው። ሶማሌው «ነበድ» ይላል፤ ሲሰናበትም «ነበድ ገልዮ»፣ ወደ ሰላም ግባ። በሶማልኛ ደኅንነት «አምኒ» ነው፤ ከዐረብኛ «አምን»። አማራው «ደኅና ነህ?» ይላል። ሦስቱም ጎረቤቶች እንግሊዝኛው ለምክር ቤቶችና ለመምሪያዎች ያስቀመጠውን ጉዳይ ለእያንዳንዱ ሰላምታ ያውሉታል።

ከሦስቱ ጋር የሚያያዝ አንድ የአማርኛ ሐረግ አለ፦ «አገር አማን»። የሥሩ ግስ «አምነ» ነው፤ «እምነት»፣ «ታማኝ»፣ «አሜን» ከዚሁ ናቸው። በግእዝ «አማን» እውነት ነው፤ በዐረብኛ ደኅንነት። «አገር አማን ነው ብዬ ስሄድ» ሲባል ሁለቱም አሉበት፦ መንገዱ አስጊ አይደለም፣ ሰውም ይታመናል። ይህ ሐረግ ከየትኛውም ሚኒስቴር በፊት የነበረ ብሔራዊ ደኅንነት ነው። መለኪያውም ግልጽ ነው፤ ተጓዥ ያለ ጠባቂ መሄድ ከቻለ አገሩ አማን ነው፤ ካልቻለ አይደለም።

ታዲያ ተማሪው ምን ይዞ ይውጣ? አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልገውም፤ ያሉትን በየቦታቸው ቢያውላቸው ይበቃል። በመንግሥታት መካከል ያለውን «በይነ መንግሥታት»፣ ሁሉን የሚነካውን «ዓለም አቀፍ» ይበል። የተላከውን በአልፋ ይጻፍ። ድምፅ እንዳይሰማ የሚደረገውን «ጸጥታ» ይበለው፤ «ደኅንነት»ን ግን ሰው ለሚድንበት ብቻ ያስቀምጥ። «ብሔራዊ» ሲል ደግሞ የመሬቱን ሁሉ ሰው ማለቱ እንደሆነ፣ ወይም የአንዱን ወገን ብቻ፣ በግልጽ ያስቀምጥ። በአማርኛ የሚጻፍ የብሔራዊ ደኅንነት ድርሰት ሁሉ አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ከዚህ ፖሊሲ በኋላ ማን ነው ደኅና የሆነው? ይህን ሳይመልስ ገጹን የጨረሰ ጸሐፊ፣ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን፣ የጻፈው ስለ ጸጥታ ነው።